ተራራ ላይ የት እንደር? ሰሜን፣ ጓሳ እና ባሌ በማደሪያቸው ሲነጻጸሩ

ተራራ ለመውጣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ተራራ እንደሚያምር ነው። ሁሉም ያምራል። እኔ ግን ሰው ሲያማክረኝ ቀድሜ የምጠይቀው "ማታ የት ልታድር አስበሃል?" ብዬ ነው። ቀኑ በራሱ ያልፋል። ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ሌሊቱ ነው። ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው በማግስቱ የሰሜኑ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቢያቆሙት እንኳ ሐሳቡ ገደሉ ላይ አይሆንም፤ ፀሐይ መቼ እንደምትሞቅ ብቻ ነው የሚያሰላው።

ስለዚህ የሰሜን ተራሮችን፣ የመንዝ ጓሳን እና የባሌ ተራሮችን የማወዳድራቸው በማደሪያቸው ነው። ድንኳን፣ ጎጆ ወይስ ሎጅ? ምን ያህል ከፍታ ላይ? አንዱ ቢታመም መኪና ይደርሳል ወይ?

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ሰሜንም ጓሳም ያሉት አማራ ክልል ውስጥ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። የሰሜን መነሻ ደባርቅ ወይም ጓሳ አካባቢ መሐል ሜዳ ያለ ሰው የሚነግራችሁ አዲስ አበባ ከሚወራው ይበልጥ ይታመናል። ባሌም ቢሆን ተጠይቆ ነው የሚኬደው። "ለጊዜው ይቆይ" ካሏችሁ ይቆይ።

ሰሜን፦ ሦስቱ ካምፖች አንድ አይደሉም

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። መግቢያ የሚከፈለው፣ ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ ጠባቂ) የሚመደበው፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ የሚያዘው ደባርቅ ላይ ነው። ስካውት መያዝ ግዴታ ነው። አስጎብኚና አብሳይ ግን እንደ ፍላጎታችሁ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ አስጎብኚውን አትዝለሉት። በቂ ገንዘብ ከሌላችሁ ደግሞ ሰው አብዙ። የስካውት፣ የአስጎብኚና የበቅሎ ክፍያ በቡድኑ ይካፈላልና አራት ሆኖ መሄድ ብቻን ከመሄድ በብዙ ይቀላል።

ብዙ ሰው "ሰሜን ካምፕ አደርኩ" ይላል። የትኛው ካምፕ? ሳንቃበር፣ ግጭ እና ጨነቅ የሚሰጡት ሌሊት በጣም ይለያያል።

ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። መኪና ይገባል። ለመጀመሪያው ሌሊት ከሱ የተሻለ የለም፤ ሰውነት ከፍታውን ቀስ ብሎ ይለምዳል፣ አንድ ሰው ቢታመምም ደባርቅ ቅርብ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። መኪና ስለሚደርስ ሰው ይበዛበታል። ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ከሄዳችሁ ሌሊቱን የሌላ ቡድን ጨዋታ ስትሰሙ ልታመሹ ትችላላችሁ።

ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ነው፤ መኪና አይደርስበትም። ከሳንቃበር የጂንባርን ፏፏቴ አይቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው የሚደረሰው። መንገዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ደግሞ ሙሉ ቀን ነው። አጠገቡ የነበረው የግጭ መንደር በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውሯል፤ በግጦሽ የተራቆተው ሜዳ እንዲያገግም ተብሎ። አሁን ያ ሜዳ ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅባራ ነው። እኔን ከሦስቱ ምረጥ ብትሉኝ ያለ ማመንታት ግጭን ነው የምመርጠው። ከካምፑ ተነስቶ 3,926 ሜትር ላይ ያለውን እሜት ጎጎን በጠዋት መድረስ ይቻላል፤ ጉሙ ከቆላው ሳይነሳ፣ ከሳንቃበር የሚመጣው ሰውም ሳይደርስ። የግጭ ሌሊት ግን ቀልድ አያውቅም። በደረቁ ወራት ጠዋት ድንኳኑን ስትከፍቱ ከውስጥ በኩል የረጋው ትንፋሻችሁ በረዶ ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይረግፋል። ውጭ ያስቀመጣችሁት የውሃ ጠርሙስ አፉ ላይ ግግር ሠርቶ ይጠብቃችኋል።

ጨነቅ 3,620 ሜትር ነው። በከፍታ ከግጭ ጋር እኩል ቢሆንም ሌላ ዓለም ነው። መንገዱ አጠገቡ ያልፋል፤ መኪና ይደርሳል። ዋልያ ለማየት ከጨነቅ የሚሻል ካምፕ የለም። ጭላዳዎቹም እዚያው ናቸው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ተጠጋግተው ያድሩና ፀሐይ ሲሞቅ አንድ በአንድ እየተንጠላጠሉ ሜዳው ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ ጎፈሩ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ። ወዲያው ሣር ነጨታቸውን ይጀምራሉ። ችግሩ ነፋሱ ነው። ጨነቅ ጫፍ ላይ ስለሆነ ድንኳን በሚገባ ካልተወጠረ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጅራፍ ሲጮህ ያድራል። ካስማውን በድንጋይ ደግፉት። ምግብ ደግሞ ውጭ አታሳድሩ። እዚያ ያለው ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ ቦርሳ ሲከፍት ሰው አይፈራም።

ራስ ደጀን መውጣት የሚፈልግ ከጨነቅ የቧሂትን ተራራ አልፎ አምቢቆ መንደር ያድራል። አምቢቆ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሌሊቱ ከጨነቅ ይለሰልሳል። ማግስቱን ግን ከሌሊቱ ተነስቶ 4,550 ሜትር ገደማ ወጥቶ መመለስ አለ፤ ረጅም ቀን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የአገሪቱን ከፍተኛ ጫፍ ረገጥኩ ለማለት ካልሆነ በቀር፣ ጊዜው ያጠረበት ሰው ሁለት ሌሊት ግጭ ቢያድር ይሻለዋል። ከራስ ደጀን ይልቅ የግጭ ዙሪያ ገደል ነው ሰውን አፉን የሚያስከፍተው።

ጎጆ ወይስ ድንኳን?

ካምፖቹ አካባቢ ተራ የመኝታ ቤቶች አሉ። ሰው ሁሉ "ቤት ከድንኳን ይሞቃል" ብሎ ይገምታል። ሁልጊዜ አይደለም። እሳት የሌለበት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሰፊ ክፍል የሁለት ሰው ትንፋሽ አያሞቀውም። ትንሽ ድንኳን ግን በራሳችሁ ሙቀት ይሞቃል። ቤቱ የሚያሸንፈው በዝናብና በነፋስ ጊዜ ነው። እርጥብ ልብስ የሚሰቀልበት ቦታ ይገኛል፤ ሌሊት ድንኳን ይወሰድብኛል ብሎ መስጋት የለም። በሌላ በኩል አይጥ አለ፣ የሚያንኮራፋ ሰው አለ፣ ከማብሰያው ጎጆ የሚገባ ጭስም አለ።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ድንኳን። ዝናብ በሚጠረጠርበት ወር ቤት። ቤት ስትመርጡም ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ፍራሹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ደባርቅ ሳላችሁ ጠይቁ። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ቢጠየቅ ዋጋ የለውም።

ሎጅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቡይት ራስ ላይ 3,260 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሜን ሎጅ እና ደባርቅ አጠገብ ያለው ሊማሊሞ ሎጅ አሉ። ጥሩ አልጋና ሙቅ ውሃ ታገኙባቸዋላችሁ፤ ዋጋቸው ከካምፕ ጋር አይወዳደርም። እናትና አባታቸውን ይዘው ለሚሄዱ፣ ወይም በቀን ተራምደው ማታ ማረፍ ለሚፈልጉ፣ ገንዘቡ የትም አልወደቀም። ግን ከሎጅ በቀን ጉዞ ግጭን አይቶ መመለስ አድካሚ ነው። ግጭን ማየት የፈለገ ግጭ ይደር።

ጓሳ፦ ለአዲስ አበቤ የሚቀርበው

ለአዲስ አበባ ሰው ጓሳ ያለው ትልቁ ጥቅም ቅርበቱ ነው። በደብረ ብርሃን በኩል ጣርማበር ደርሶ ወደ መሐል ሜዳ መታጠፍ ነው፤ ርቀቱ 265 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አውሮፕላን አያስፈልግም። አርብ ወጥቶ እሑድ መመለስ ይቻላል።

ጓሳን የሚጠብቀው የአካባቢው ሕዝብ ነው። አስቦ እና ጌራ ከሚባሉት አባቶች ጀምሮ ወደ 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሣሩ በስምምነት ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። ለዓመታት ማንም አያጭደውም፤ ድርቅ ሲመጣ ወይም ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ይካፈላል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ይውላል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሏል። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለበት።

ማደሪያው የማኅበረሰቡ ሎጅ ነው። ሎጅ ሲባል የሆቴል ሥዕል አይምጣባችሁ። ጥቂት ክፍሎች፣ የጋራ ሳሎን፣ እሳት የሚነድበት ምድጃ፣ ማብሰያ ቤት። ምግብ ይዞ የሚሄደው እንግዳው ራሱ ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አትክልቱን፣ እንጀራውን፣ ቆሎውን ገዝታችሁ እለፉ። ድንኳን መትከልም ይቻላል። ከሰሜን የሚለየው አንድ ቦታ አድራችሁ በየቀኑ በሌላ አቅጣጫ እየወጣችሁ መመለሳችሁ ነው። ጓዝ መጠቅለል፣ በቅሎ መጫን የለም። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። አንዱ ልጅ "አልሄድም" ካለ ከአባቱ ጋር እሳቱ ዳር ይቀራል።

ጉድለቱ? ገደሉ እንደ ሰሜን አያስደነግጥም። መልክአ ምድሩ ረጋ ያለ፣ ሣር የለበሰ ኮረብታ ነው። ጸጥታ ለሚወድ ድንቅ ነው። ተራራ መውጣት ማለት ለሱ ላብና ከፍታ የሆነ ሰው ግን ሁለተኛው ቀን ላይ መሰልቸቱ አይቀርም።

ባሌ፦ ሰፊው

ባሌ ከሁለቱም በስፋቱ ይለያል። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ነው፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዲንሾ ሎጅ ጫካ ውስጥ ያለ የቆየ ቤት ነው። ምቾት ፈልጎ የሚኬድበት አይደለም። ግን ጠዋት በሩን ስትከፍቱ የደጋ አጋዘን በአጠገባችሁ ሲግጥ ልታገኙ ትችላላችሁ። 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰውነትን ለማለማመድም የተመቸ ነው።

ከዚያ በኋላ በፈረስ ጓዝ ጭኖ በድንኳን መሄድ ነው። በሰሜን በቅሎ፣ በባሌ ፈረስ። ሶዶታ፣ ኬይረንሳ እና ራፉ ከታወቁት ካምፖች መካከል ናቸው። ካምፕ ሲባል ሜዳ ነው፤ ውሃ ቅርብ ከሆነና ነፋስ ከከለለ ካምፕ ተባለ። ሰሜን ላይ ያለውን ያህል የተሠራ ነገር አትጠብቁ። በምትኩ ቀኑን ሙሉ ከእረኛ በቀር ሰው ላታዩ ትችላላችሁ። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚህ ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ብቻ የምትወጡ ከሆነ ምርጫው ተጠናቋል፤ ባሌ ሂዱ።

ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። በመኪና መውጣት መቻሉ ግን ያታልላል። በአንድ ቀን ከቆላ ተነስቶ ሳነቴ ላይ ድንኳን መትከል ራስ ምታትን ጠርቶ መተኛት ነው። ሳነቴን በቀን እዩት፣ ማታ ዝቅ ብላችሁ እደሩ። ባሌ የሚያስመሰግነው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ከአምባው በደቡብ በኩል ስትወርዱ ሐረና ጫካ ይጀምራል። ጫካ ቡና የሚበቅልበት፣ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቀልበት አገር ነው። ጫካው ውስጥ ያለው ካቻ ካምፕ ስትደርሱ ከፍታው 2,400 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ትናንት በሁለት ጃኬት የተኛ ሰው ዛሬ በሸሚዝ ያመሻል።

የአካባቢው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። የማትችሉ ከሆነ ከባለፈረሱ ጋር የሚያግባባችሁ አስጎብኚ መያዝ ጉዞውን በጣም ያቀላል።

ብርዱን በቁጥር

"ምን ያህል ይበርዳል?" ለሚለው የኔ ስሌት ይህ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ሌሊቱ 8 ዲግሪ ሲሆን ብርድ ገደለን እንላለን። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር፣ ጨነቅ 3,620። ልዩነቱ 1,200 ሜትር ነው፤ 8 ዲግሪ ቀንሱ። ዜሮ ላይ ደረሳችሁ። ነፋሱ ገና አልተቆጠረም።

ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ ወይም ጎንደርና ደባርቅ ላይ ስትከራዩ የተጻፉበትን ቁጥሮች ተመልከቱ። አንዱ ተመችቶ የሚተኛበት ነው፤ ሌላው ሳይሞቱ የሚያድሩበት። የመጀመሪያውን ነው ማየት። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የሚል ከሆነ ለሦስቱም ቦታ ይበቃል። ከሱ እኩል የሚያስፈልገው ከሥር የሚነጠፈው ነው። ብርድ ከላይ ይልቅ ከመሬት ይገባል። ጋቢ ያዙ። ጋቢ ሌሊት ይደረባል፣ ጠዋት ይለበሳል፣ ከተጠቀለለ ትራስ ይሆናል።

ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ቀላል ራስ ምታት ያጋጥማል፤ ውሃ ጠጥቶ ማረፍ ነው። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ሰውየው መንገዳገድ ወይም መቀባጠር ከጀመረ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው። ሳንቃበርና ጨነቅ መኪና የሚደርስባቸው መሆኑ ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ያለ ሌሊት ነው። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ።

ምግብና እሳት

3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለመጠጥ ሦስት ደቂቃ ከተንተከተከ ጀርሙ ይሞታል። ባቄላና ሽንብራ ግን ቀኑን ሙሉ ቢጣዱ አይበስሉም። ሽሮ፣ ፓስታ፣ ተከክቶ የተዘፈዘፈ ምስር ያዙ። በሶና ጭኮ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ እሳት አይጠይቁም። በጾም ወቅት ከሆነ ለአብሳዩ ደባርቅ ሳላችሁ ንገሩት፤ ተራራው ላይ ዘይትና አትክልት የሚገዛበት ሱቅ የለም። ገንዘብም በጥሬው ያዙ።

በቡታጋዝ ነው የሚበሰል። አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ እየቆረጡ ማንደድ ፓርኮቹ ውስጥ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም በቂ ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲቃጠሉ እሳቱን ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት ነበረባቸው። ደረቅ ጓሳ ላይ የወደቀች ፍም ለማጥፋት ባልዲ ውሃ አይበቃም።

መቼ፣ ለማን

ከውጭ የሚመጣ ወገን ብዙውን ጊዜ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚመጣው። ያ ወቅት ሦስቱም ቦታ ዝናብና ጉም ነው። ከዚያ ውጭ ጊዜ የሌላችሁ ድንኳኑን ተዉት፤ ጣሪያ ያለው ማደሪያ ይዛችሁ ሲያባራ ወጣ በሉ። መምረጥ ከቻላችሁ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ይሻላል። ምድሩ አረንጓዴ ነው፣ አበባው አልረገፈም፣ ሌሊቱም እንደ ኅዳርና ታኅሣሥ አይጠነክርም። ገናን ላሊበላ ወይም ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር የሚመጡ ሰማዩ ጥርት ያለ ሆኖ ያገኙታል፤ ብርዱንም ሙሉውን።

ድንኳን ውስጥ አድሮ ለማያውቅ ሰው በቀጥታ ግጭን አልመክርም። አዲስ አበባ አጠገብ ያለው መናገሻ ሱባ ጫካ ላይ አንድ ሌሊት ይሞክር። ወይም ጓሳ ይሂድ። ልጆች ያሉት ጓሳ ወይም ዲንሾ። ብርቱ እግርና አምስት ቀን ያለው ሰሜን፣ ከሳንቃበር ጀምሮ። አንድ ሳምንት ያለውና ከሰው መራቅ የሚፈልግ ባሌ።

ደባርቅ ወይም ዲንሾ ላይ ስትዋዋሉ አንድ ነገር አትርሱ፤ ስካውቱና ባለበቅሎው የት ነው የሚያድሩት? ምን ይበላሉ? ብዙ ቡድን ይህን ሳይጠይቅ ይወጣል። ስካውቱ እንደ አባት ያለ ሰው ሆኖ በጋቢ ብቻ ደጅ ተቀምጦ ያድራል። ለነሱ የሚሆን ድንኳን፣ ምንጣፍና ምግብ ከናንተው ጋር አብሮ ይቆጠር፤ ዋጋውም ከመነሳታችሁ በፊት ከአስጎብኚው ጋር በግልጽ ይነገር።